ደረቅ ጋዜጣ

«ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ጎኑን ካላወቅህለት
ያስመልሰዋል» አለኝ፣ ወርዶፋ የዚያን ዕለት።

ገፈርሳ ግድቡ ዳር፣ ጉም ሳይነሣ ገና፣
ከጀልባዬ ኋላ አየሁኝ ቀስተ ደመና፤
ሰማይ ላይ አይደለም፣ ውሃው ላይ ነው ያለው፣
ወይን ጠጅና ቢጫ ሆኖ የሚዋልለው።

ማታ ቸኩዬ ነው። ታክሲ ያመልጠኛል ብዬ፣
ክንፉን ከውሃ አንሥቼ፣ ሞተሩን አጋድዬ፣
ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ቱቦውን ሳልነቅል፣
ወጣሁ እየሮጥሁ፣ «ለነገ ይደርሳል» ስል።
ሌሊቱን አነባ፤ ጠብ... ጠብ...
ማን ይሰማዋል እዚያ?
እንቁራሪት ብቻ።

ይህ ደግሞ የዋና አይደለም፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነው፤
በቧንቧ ተስቦ ቁልቁል፣ ከተማ የሚወርደው፤
ባልዲ ይዛ ከንጋት፣ የቆመች ሴት የምትቀዳው።

ወርዶፋ አልተቆጣም።
ቱታው ኪስ ካቻቪቴ፣ ጆሮው ሥር አጭር እርሳስ፣
የታመመ ልጅ ትንፋሽ እንደሚያሸት፣ ዝቅ አለ ቀስ።
«ቤንዚን ተንኮል የለው፤ ቁልቁለት ነው የሚያውቀው፤
ቁልቁለቱን ግን ማታ፣ አንተ ነህ የሰጠኸው።
ስማ።
ከማጋደልህ በፊት ቱቦውን ንቀልና ተወው፣ ይሥራ፤
ሆዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ፣ ለብቻው ያጓራ።
ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችውን ይጨርሳት፤
ያስላል፣ ይንገዳገዳል፣ ዝም ይላል፤ ያኔ እሳት
የሚሆን የለም በሆዱ።
ክዳኑ አናት ላይ ደግሞ፣ ያቺን ትንሽ መተንፈሻ፣
በሁለት ጣት ጠምዝዛት፤ ጉልበት አይደለም መጨረሻ፤
ስትነሣ ትከፍታታለህ፣ ስትቆም ትዘጋታለህ፤
ይህችን ከረሳህ፣ ሌሊቱን ስትፈስ ታድራለህ።
ቀጥ አርገህ አቁመው፤ የጠጣው ውሃ ይውረድ፤
ከዚያ ነው ማስተኛት፣ በእርጋታ፣ አይደለም በግድ።»

«በየት ጎኑ?» አልሁት።
መልስ አልሰጠኝም። እጀታውን ገለጥ አረገው፤
ከሥሩ ምልክት አለ፣ የእኔ ጭቃ የሸፈነው፤
ቀስት። አራት ዓመት ነድቼ፣ አንድ ቀን ያላየሁት።
አፈርሁ። በቱታዬ እጅጌ ጠረግሁት።

የክዳኑን ጓርኒሲዮን አወጣ፤ ደርቆ ተሰንጥቋል።
«ዋጋው ከሻይ አይበልጥም፤ ግን ስንት ሆድ ያውካል!»
ገለባ በጆንያ ጠቅጥቀን፣ ጨርቅ ከጨርቅ አሰርን፤
ያንን ቀስተ ደመና፣ እስከ ቀትር ሰበሰብን።
ናሙና ቀጂዋ አያልነሽ፣ ጠርሙሷን በእጇ ይዛ፣
ስሜን ከቀኑ ጎን ጻፈች፣ ምንም ቃል ሳታበዛ።

ወርዶፋ አሁን ጡረታ ነው፤ ሆለታ ዳር ንብ ያረባል።
ስደውል «ልጆችህስ?» አይልም፤ «በየት ጎኑ ተኝቷል?» ይላል።

እኔም ክረምት ሲመጣ፣ መጋዘን አስገባውና፣
ጣውላ ላይ አስተኛዋለሁ፣ ቀስቱን አይቼ እንደገና፤
ከሥሩ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፣ ሰው አንብቦ የጣለውን፣
ንጋት ላይ በባትሪ ጎንበስ ብዬ የማነበውን።
ስለ ጨረታ ይላል፤ ስለ ጠፋ ማኅተም፣ ስለ ውርስ ክስ፤
እኔ ግን የምፈልጋት ሌላ ናት፤ ከመስመር መስመር ስመላለስ፣
አንዲት ክብ፣ ፊደል ላይ የተኛች፣ የቅባት ዓይን የመሰለች።
ዛሬም የለችም።
ትናንትም አልነበረች።

ቤቴ ቡራዩ ነው፤ ቧንቧዬ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ፤
ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ አየሩን አስቀድሞ ሲያወጣ።
ብርጭቆዬን ሞልቼ፣ ወደ መስኮቱ አነሣለሁ፤
ቀለም የለውም።
እጠጣለሁ።